«ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ»
ባንኮች ሲዋሃዱ ሠራተኛውን ማን ያዘጋጀዋል?

ሁለት ባንኮች ሊዋሃዱ ነው የሚል ወሬ ከቦርድ ስብሰባ ሳይወጣ ሻይ ክበብ ይደርሳል። በማግስቱ የብድር ሠራተኛው ፋይል ቢያገላብጥም ልቡ እዚያ የለም። «የኔ ወንበር ይተርፋል? በአነስተኛ ወለድ የወሰድኩት የቤት ብድርስ?» እያለ ያሰላል። ኤልሲ እንዲከፈትለት የሚጠብቀው አስመጪ ደግሞ ጉዳዩ ለምን እንደዘገየ አያውቅም።

ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ፣ በሥራ ላይ ለነበሩት እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጊዜ ሰጠ። ታህሳስ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ውህደት የትናንሽ ባንኮች የቦርድ አጀንዳ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ውህደት ለአገሪቱ አዲስ ነገር አይደለም። ንግድ ባንክ በ1972 ዓ.ም. ከአዲስ ባንክ ጋር ተዋህዷል፤ በ2008 ዓ.ም. ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክን ጠቅልሏል። ይሁንና በሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ መንግሥት ስለነበረ ውሳኔው ከአንድ ቦታ ወረደ። የግል ባንኮች ግን በሺህ የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች፣ የተለያየ የደመወዝ እርከንና የተለያየ የሥራ ልማድ ይዘው ነው አንድ ጣሪያ ሥር የሚገቡት።

ሕጉ ለሠራተኛው የሚለው አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የድርጅት መቀላቀል ብቻውን የሥራ ውልን አይለውጥም። የሠራተኛ ቅነሳ ግድ ከሆነም አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ተቀናሹም ከአገልግሎት ካሣው በላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። የሥራ መሪዎች ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ለውጡን እንዲያስፈጽም የሚታዘዘው ኃላፊ ከሁሉ ያነሰ ዋስትና ይዞ ሌላውን እንዲያጽናና ይጠበቅበታል ማለት ነው።

ስለሆነም ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ከኃላፊዎች ነው። ማኔጅመንቱ የወሰነውን፣ ገና ያልወሰነውንና የሚወስንበትን ቀን ለይቶ በአንድ ቀን፣ በሁለቱም ባንኮች፣ በተመሳሳይ ቃል ቢናገር ወሬ ቦታ ያጣል። «ማንም አይነካም» ብሎ ቃል ገብቶ ኋላ ከማጠፍ «ምደባው በዚህ ቀን ይታወቃል» ማለቱ ይሻላል። የሠራተኛ ብድር አከፋፈልና የደመወዝ እርከን ጉዳይ ደግሞ በጽሑፍ ካልተገለጸ ማንም አያምነውም።

ቀጥሎ የሚመጣው የእጅ ሥራው ነው። መርካቶ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ቅርንጫፎች አንድ ሲሆኑ ማን የት ይቀመጣል? የሒሳብ ቁጥር ሲቀየር የቀድሞው ቼክ እስከ መቼ ይመነዘራል? የመያዣ ካርታዎችንና የዋስትና ደብዳቤዎችን ማን ቆጥሮ ይረከባል? ለእነዚህ መልሱን የሚያውቁት መስኮት ላይ የተቀመጡት ናቸው። ከየቅርንጫፉ አንድ አንድ ሰው ተመርጦ ሥልጠናውን ቀድሞ ቢወስድና የኮምፒዩተር ሥርዓቱ በበዓል ቀን ቢሞከር፣ ደንበኛው ፊት ላብ የሚያጠምቅ ነገር ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ወጪ ነው የሚል ቦርድ አይጠፋም። ነገር ግን በውህደት የሚገዛው ሕንፃና ካዝና ብቻ አይደለም። የትኛው ነጋዴ በጥቅምት ገንዘብ እንደሚያጥረው፣ የትኛው ቃሉን እንደሚጠብቅ የሚያውቀው ሠራተኛ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ አይጻፍም። እሱ ወደ ተፎካካሪ ባንክ ሲሻገር ብቻውን አይሄድም፤ ደንበኞቹ ተቀማጫቸውን ይዘው ይከተሉታል።

በመሆኑም ባለአክሲዮኑ በጠቅላላ ጉባዔ ላይ የትርፍ ድርሻውን ከጠየቀ በኋላ እጁን አንዴ ደግሞ ቢያወጣ መልካም ነው። ሠራተኛው መቼ ተነገረው? ምደባው መቼ ይታወቃል? ለሥልጠና ምን ያህል በጀት ተያዘ? መልሱ «ከፊርማው በኋላ እናየዋለን» ከሆነ ሠርገኛው ደጃፍ ቆሟል፤ በርበሬው ግን ገና አልተቀነጠሰም።