በዛንዚባር የባሕር እርሻ ላይ የደረሰው ሙቀት

ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ እርሻ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የብስ ነው። በታንዛኒያ የዛንዚባር ደሴቶች ግን ጥልቀት የሌለውን ባሕር እንደ ማሳ ይዘው የሚኖሩ ብዙ ሺህ ገበሬዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው።

ምርታቸው የባሕር አረም ይባላል። ስሙ አረም ይሁን እንጂ ሰብል ነው፤ ማንም ነቅሎ አይጥለውም። ሥራው ለገበያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ዘሩ የመጣው ከፊሊፒንስ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቹ ገብተው በአሸዋው ላይ ችካል ይተክላሉ፤ ገመድ ይወጥራሉ፤ በገመዱም ላይ የተክሉን ቁራጭ እያሰሩ ይሄዳሉ። ከ6 ሳምንት ያህል በኋላ ሰብስበው በፀሐይ ያደርቁትና ለነጋዴ ይሸጡታል። ፋብሪካዎች ከእርሱ አይስ ክሬምንና የጥርስ ሳሙናን የሚያወፍር ነገር ያወጣሉ። በዚህ ገንዘብ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን አስተምረዋል፤ ቤትም ሠርተዋል።

ከሚያለሙት ሁለት ዓይነቶች ኮቶኒ የተባለው በዋጋ ይበልጣል፤ ዳሩ ግን ሙቀት አይችልም። ስፒኖሰም የተባለው ይጠነክራል፤ ዋጋው ግን ዝቅተኛ ነው። ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ በመቃጠሉ ምድር ላይ ከሚጨመረው ሙቀት ከመቶ 90 ያህሉን የሚቀበለው ባሕር ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ፣ በሰፊ ምጣድ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ፈጥኖ ይሞቃል። ውሃው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እጅግ ሲያልፍ ኮቶኒ ይደክማል፤ ባክቴሪያም ያጠቃዋል። ቅርንጫፉ ነጥቶ፣ ለስልሶ ይበጠሳል። ገበሬዎቹ በሽታውን «አይስ-አይስ» ይሉታል፤ በረዶ መስሎ ስለሚነጣ ነው። ተክሉ እንደ ሸንኮራ አገዳ በቁራጭ የሚራባ በመሆኑ አንዱ የማይችለውን ሌላውም አይችለውም። ስለዚህ ኮቶኒ በብዙ መንደሮች ከዳርቻው ማሳ ጠፍቷል።

ዓሣ አጥማጆቹም ከዚህ ሙቀት አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ ውቅያኖስ ውሃው ሞቆ፣ ዓሣ የሚጠለልበትና የሚራባበት ኮራል በሰፊው ነጥቶ ሞቷል።

ለእርሻው የተሰጠው ምክር ሰብሉን ወደ ጥልቁና ቀዝቃዛው ውሃ መውሰድ ነው። ለዚህም ቁራጩ እንደ ቱቦ በተሠራ መረብ ውስጥ ገብቶ ይንሳፈፋል። ዘዴው መልካም ነው፤ ኮቶኒም በዚያ ያድጋል። ነገር ግን እስከ ጉልበታቸው ወይም እስከ ወገባቸው በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሲሠሩ የኖሩት ሴቶች አብዛኞቹ ዋና አያውቁም፤ ጀልባም የላቸውም። ጀልባው በወንዶች እጅ ነው። እናንተ የልማት ሠራተኞች ማሳ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር ከመምከራችሁ በፊት፣ የሰብሉ ባለቤት በምን እንደምትደርስበት ጠይቁ። ያለዚያ ሰብሉ ይድናል፤ ገቢው ግን ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል። ከመረቡ ጋር ዋናና ጀልባ መንዳት ቢሰጥ፣ ጀልባውም በማኅበር ቢገዛ ይሻላል።

በምሥራቁ ዳርቻ በጃምቢያኒ መንደር ጥቂት ሴቶች ዋና ተምረው ስፖንጅ የተባለውን የባሕር እንስሳ ያረባሉ። ለገላ መታጠቢያ ይሸጣል፤ ከባሕር አረምም ይልቅ ሙቀትን ይችላል። ሌሎችም ርካሹን ስፒኖሰም እንዲሁ ደረቁን ከመሸጥ ይልቅ ፈጭተው ሳሙና ያደርጉታል፤ በዚህ መልክ የተሻለ ዋጋ ያወጣል።