ከጉሮሮ የሚነሣው የልብ ሕመም

በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን በብዛት የሚጎዳው የልብ ሕመም መነሻው ጉሮሮ ነው። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። የልብ ሕመም ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ዕድሜው የገፋ፣ ደም ግፊትና ስኳር ያለበት፣ ቅባት የሚያበዛ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሕመም አለ፤ በከተሞቻችንም እየጨመረ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሐኪሞች የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ነው። የሚይዘው ገና ትምህርት ቤት ያሉ ልጆችን ነው። በርካሽ መድኃኒት መከላከል ይቻላል። እንዲያም ሆኖ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ይገድላል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሚኖሩት በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው።

አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ጉሮሮዋን ታመመች እንበል። ትኩሳት አላት፣ ምራቅ መዋጥ ያማታል፣ አንገቷ ሥር ያሉት ዕጢዎች አብጠዋል። ሳልና ንፍጥ ግን የላትም። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ጉዳት ሳያስከትል ይለቃል። የዚህችን ልጅ ዓይነት ምልክት ያለው ግን ስትሬፕቶኮከስ ከተባለ ባክቴሪያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው ብዙ ልጅ በአንድ አልጋ በሚተኛበት ቤትና ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። ዋና ተጠቂዎቹ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው።

በአራት በአምስት ቀን ልጅቷ ይሻላታል፤ ወደ ትምህርቷም ትመለሳለች። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነቷ ባክቴሪያውን ለማጥፋት ያመረታቸው ፀረ እንግዳ አካላት በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ለይተው የሚያጠቁ ናቸው። ያ ፕሮቲን ግን በራሷ ልብ ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር በጣም ይመሳሰላል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የመከላከያ ኃይሏ የገዛ መገጣጠሚያዋንና የገዛ ልቧን፣ አንዳንዴም አንጎሏን ማጥቃት ይጀምራል። ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ይህ ነው። ጉልበቷ አብጦ ያቃጥላታል፤ ትንሽ ቆይቶ ይተዋትና ወደ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያም ወደ ክርኗ ይዛወራል። አንዳንድ ልጅ ደግሞ እጁና ፊቱ ከፈቃዱ ውጭ ይወራጫል፣ እስክሪብቶ መጨበጥ ያቅተዋል። ቤተሰብ ይህን አይቶ ቡዳ ነው፣ ዛር ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ምልክቱ በእርግጥ ያስደነግጣል። መገጣጠሚያው ይድናል፣ መወራጨቱም ይተዋል። ልብ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል።

ልብ ደም ወደ ፊት እንዲያልፍ የሚከፈቱ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስም የሚዘጉ አራት ቫልቮች አሉት። በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሩማቲክ ትኩሳት አብዝቶ የሚጎዳው በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለውን፣ ሚትራል የተባለውን ቫልቭ ነው። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይሆናል፤ ቫልቩ ይወፍራል፣ ይደነድናል፣ ጠርዞቹ ይጣበቃሉ። ማጠፊያው እንደዛገ በር በደንብ አይከፈትም፣ በደንብም አይዘጋም። አንድ ጊዜ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ባክቴሪያው በድጋሚ ካገኘው እንደገና የመታመም ዕድሉ ከሌላው ልጅ በእጅጉ የላቀ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ ቫልቩ ይብስበታል።

ይህ ሁሉ ለዓመታት ያለ ምልክት ሊቆይ ይችላል። ያቺ ልጅ አድጋ፣ አግብታ ታረግዛለች። በእርግዝና ወቅት በሰውነት ውስጥ ያለው ደም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የጠበበው ቫልቭ ያንን ሁሉ ማሳለፍ ስለማይችል ፈሳሽ ሳንባዋ ውስጥ ያቁራል። በጀርባዋ መተኛት ያቅታታል፤ ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታድራለች። ብዙ ሴቶች ልባቸው የታመመ መሆኑን የሚያውቁት በዚህ ሰዓት ነው፤ አንዳንዶቹም ምጥ ላይ ሆነው። ሌላው ሕመምተኛ ደግሞ ልቡ ሥርዓት ባጣ ምት መምታት ይጀምርና በውስጡ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ በሠላሳ ዓመቱ ስትሮክ ይመታዋል።

ይህን ሁሉ ማስቀረት የሚቻለው መጀመሪያ ላይ፣ ጉሮሮ በታመመበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት በብዙ አካባቢ የሚደረገው ግን ልጁን እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው መውሰድ ነው። እንጥሉ በምላጭ ይቆረጣል፤ ወይም ቶንሲሉ በጣትና በስለት ይቧጠጣል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ከጭካኔ አይደለም፤ ያበጠው እንጥል ልጄን ያንቅብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ሆኖም ባክቴሪያው ያለው በጉሮሮ ሽፋንና በቶንሲሉ ውስጥ በመሆኑ እንጥልን ቆርጦ መጣል አያጠፋውም። በአንጻሩ ደም እንደ ውኃ የፈሰሳቸው፣ ቁስላቸው ያመረቀዘ፣ ቴታነስ የያዛቸው ልጆች አሉ። ምላጩ ከአንዱ ወደ ሌላው ልጅ ሲዞር ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ይዞ ይዞራል።

ታዲያ ልማዱ ለምን ይህን ያህል ዘመን ኖረ? መልሱ ሕመሙ ራሱ ጋ ነው። የስትሬፕቶኮከስ የጉሮሮ ሕመም ምንም ባይደረግለትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ በስድስተኛው ቀን ሲጫወት ይታያል፤ ቆራጩም አዳነው ይባላል። ዳማከሴ የተጨመቀለት፣ ማርና ዝንጅብል የጠጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ያላመጠ ልጅም እንዲሁ ይሻለዋል። እነዚህ ጉሮሮን ሊያለሰልሱ፣ ሕመምተኛውን ሊያሳርፉ ይችላሉ፤ እኔም በዚህ ልክ እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ሩማቲክ ትኩሳትን አያስቀሩም። ያ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ደግሞ ማንም የልጁን የጉልበት እብጠት ካለፈው የጉሮሮ ሕመም ጋር አያገናኘውም። የአገር ባለመድኃኒቱ ዐይቶት የማያውቀውን ውድቀት ሊያርም አይችልም። በዚህ ሕመም ላይ የልምድ ዕውቀት የተሸነፈው በስንፍና አይደለም፤ ውጤቱ ከምክንያቱ ርቆ ስለሚመጣበት ነው።

የሚያስቀረው ፔኒሲሊን ነው። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከተወሰደ ባክቴሪያውን አጥፍቶ ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይችላል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ለዚህ ሕመም ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ጡንቻ ውስጥ ከተወጋ በኋላ በዝግታ እየተለቀቀ ለሳምንታት ይቆያል። አንድ መርፌ የጉሮሮውን ሕመም ያክማል። ሩማቲክ ትኩሳት ይዞት የነበረ ሰው ደግሞ ባክቴሪያው ተመልሶ እንዳያገኘው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወስደዋል። በኩባ ፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1996 ሐኪሞች፣ ትምህርት ቤቶችና ቤተሰቦች ተባብረው ይህንኑ ሲሠሩ ሕመሙ በከፍተኛ መጠን ቀንሷል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካም ቤታቸው ሰፍቶ ኑሯቸው ሲሻሻል፣ ፔኒሲሊንም ሲታከልበት ነው የተገላገሉት።

ወደ እኛ የሚቀርበው ማስረጃ ከዩጋንዳ የመጣው ነው። በሰሜን ዩጋንዳ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው በልብ አልትራሳውንድ ቫልቫቸው መጎዳት መጀመሩ የታወቀ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ 818 ልጆች ተመረጡ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ወሰዱ፤ ግማሾቹ አልወሰዱም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉዳቱ የባሰባቸው ከወሰዱት መካከል 3፣ ካልወሰዱት መካከል 33 ሆነው ተገኙ። ስለ መርፌው ጥቅም ይህን ያህል ግልጽ ማስረጃ ካለ ልጆቻችን የሚያቋርጡት ለምንድን ነው?

አንደኛ፣ መርፌው በጣም ያማል። ሁለተኛ፣ ያስፈራል። ተወግቶ ወዲያው ሞተ የሚል ወሬ የሰማ ወላጅ ልጁን አያመጣም፤ አንዳንድ የጤና ባለሙያም ለመውጋት እጁን ይሰበስባል። ፍርሃቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሞት ደርሷል። ቀድሞ ሁሉም በአለርጂ ይመካኝ ነበር። አሁን ግን ከሞቶቹ ብዙዎቹ የደረሱት ልባቸው አስቀድሞ እጅግ በተዳከመ ሰዎች ላይ እንደሆነና ሕመሙና ድንጋጤው ልባቸውን እንደጣለው ባለሙያዎች ያምናሉ። ስለዚህ ልቡ ክፉኛ ለደከመ ሰው በመርፌው ፋንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይመከራል። ለሌላው በባዶ ሆድ አለመምጣት፣ ውኃ መጠጣት፣ ተኝቶ መወጋት ይረዳል። ከባድ የፔኒሲሊን አለርጂ ብርቅ ነው። ያለበት ሰው ሌላ መድኃኒት ስላለ ይናገር።

ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ ያለው ሕክምና ውድና ጥቂቶች ብቻ የሚያገኙት ነው። ፈሳሽ የሚያሸኑና የልብ ምትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ያስተነፍሳሉ እንጂ ቫልቩን አያድኑም። የጠበበውን ቫልቭ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ማስፋት ይቻላል፤ ዘዴውን ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ነው በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው። ያ ካልሆነ ደረት ተከፍቶ ቫልቩ ይጠገናል ወይም ይቀየራል። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር በጥቁር አንበሳ ግቢ ማዕከሉን እስኪከፍት ድረስ ሕፃናት ለዚህ ወደ ውጭ አገር መላክ ነበረባቸው፤ ከተቀበሏቸው አንዱ በእስራኤል ሆሎን ከተማ ያለው ዎልፍሰን ሆስፒታል ነው። ዛሬም ተራ የሚጠብቀው ከሚታከመው በብዙ ይበልጣል።

ብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳል። እዚህ ላይ የአመጋገባችን ጉዳይ ይነሣል። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት አለበት፤ ይህም የዋርፋሪንን ሥራ ይቃረናል። በጾም ወራት ጎመን በብዛት በልቶ በፋሲካ በአንድ ጊዜ የሚተው ሰው ደሙ አንዴ ይረጋል፣ አንዴ ከልክ በላይ ይቀጥናል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ማድረግና ለውጥ ሲኖር ሐኪሙን ማሳወቅ ነው የሚያስፈልገው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለመድኃኒት ተብለው በብዛት ሲወሰዱ የመድማትን አደጋ ሊጨምሩ ይችላሉ። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሴቶች ከማርገዛቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ስል የዕፅዋት መድኃኒትን መናቄ አይደለም። ሥርዓት ላጣ የልብ ምት ዛሬም የሚታዘዘው ዲጎክሲን ከአንድ የአበባ ተክል ቅጠል የተገኘ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ የገጠር ሰዎች ለእብጠት የሚጠጡትን ቅጠል አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1785 መጠኑን ከነጉዳቱ ጽፎ አሳተመ። ቅጠሉ ያድናል፤ ትንሽ ሲበዛ ይገድላል። ሕክምናው የወሰደው ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ልኩን ጭምር ነው። የእኛም ባህላዊ ዕፅዋት እንዲህ ተመዝነውና ተፈትነው ቢወጡ ደስታዬ ነው። እስከዚያ ድረስ መጠኑ ያልታወቀ ጭማቂ ለታመመ ልብ መስጠት አደገኛ ነው።

ስለ ጸበልም እንዲሁ በግልጽ መነገር አለበት። የልብ ሕመምተኛ ጸበል ቢጠመቅ፣ ቢጸልይ፣ ነፍሱ ታርፋለች፤ ይህን የሚከለክል ሐኪም የለም። ጉዳት የሚመጣው ሱባኤ ሲገባ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ነው። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳይ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስተምረው ነበር፤ ለልብ መድኃኒትም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። በተለይ ዋርፋሪንን በድንገት ማቆም ቫልቩ ላይ ደም ያረጋል፤ ይህ ደግሞ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው በምላጭ አታስቆርጡት፤ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መርፌ የተጀመረላችሁ ወጣቶች ደግሞ ወደ ጸበልም ሆነ ወደ ገጠር ቤተሰብ ስትሄዱ የቀጠሮ ካርዳችሁን ያዙ፤ ቀኑ በደረሰበት ቦታ ሁሉ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ተወጉ።