«ፍልሰት» እና «አመልካች»፤ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ሁለት ስያሜዎች

የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ የአንድ ቃል ስሕተት ከመዝገበ ቃላት ገጽ አልፎ ከታማሚው አልጋ ይደርሳል። ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር የሚተረጐሙ ጽሑፎችን ስንመረምር ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች በተለይ አደናጋሪ ሆነው አግኝተናቸዋል።

የመጀመሪያው፣ ካንሰር ከበቀለበት ስፍራ ተነሥቶ በሌላ የአካል ክፍል አዲስ ዕጢ የሚመሠርትበት ሂደት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕዋሳት በደም ሥር አማካይነት ከሁሉ ይልቅ ወደ ጉበት፣ እንዲሁም ወደ ሳንባ ይሄዳሉ። ይህን «መዛመት» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን መዛመት ከሰው ወደ ሰው ለሚተላለፍ በሽታ ጭምር የሚነገር በመሆኑ፣ «ካንሰሩ ተዛምቷል» የተባለ ቤተሰብ የታማሚውን ሳሕንና ኩባያ ለብቻ ሊያደርግ ይችላል። «ሥርጭት» ደግሞ በሽታው በሕዝብ መካከል ያለበትን ሁኔታ ለማመልከት ያገለግላል። ስለዚህ «ፍልሰት» የሚለውን እንመርጣለን፤ የግሪኩ ቃል መሠረታዊ ፍችም «ቦታ መለወጥ» ነውና ይስማማዋል። ፍልሰት የቀድሞው ስፍራ ባዶ እንደሚቀር ያስመስላል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ሆኖም ሰዎች ከአንድ አገር ሲፈልሱ አገሩ እንደማይፈልስ ሁሉ፣ የሚፈልሱት ሕዋሳት እንጂ ዕጢው በሙሉ አይደለም።

ሁለተኛው፣ በደም ወይም በዕጢ ናሙና ውስጥ ተመርምሮ የበሽታውን ሁኔታ የሚጠቁም ነገር ነው። ይህን «ምልክት» ብንለው፣ ታማሚው ራሱ ከሚያስተውለው ከሆድ ቁርጠት ወይም ከሰገራ ጋር ከሚወጣ ደም ጋር ይደባለቃል። «አመልካች» ግን ማመልከቻ ይዞ ከሚመጣ ባለጉዳይ ጋር ስም ቢጋራም፣ በቤተ ሙከራ ጽሑፍ ውስጥ የሚያሳስት አይሆንም።

ቅጽሉም ጥንቃቄ ይሻል። ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1965 የገለጹት፣ ሲ ኢ ኤ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው አመልካች ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን ስለሆነ «ዘረመላዊ» አይባልም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ማክዋን ዘረመል ነው፤ በዕጢው ውስጥ እንቅስቃሴው ከፍ ሲል የፍልሰት ሥጋትም ከፍ እንደሚል ታይቷል። ከዕጢው ወጥቶ በደም ውስጥ የሚዘዋወር የዲ ኤን ኤ ቁራጭም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረ ካንሰር መኖሩን ሊጠቁም ስለሚችል ዘረመላዊ አመልካች ነው።

በመጨረሻም አመልካችነቱ የምን እንደሆነ ሳይጻፍ አይታለፍ። በኬራስ ዘረመል ላይ የሚገኝ ለውጥ በዋነኛነት የሚመረመረው እንደ ሴቱክሲማብ ያሉ መድኃኒቶች ይጠቅሙ እንደሆነ ለመለየት ነው፤ መገኘቱ ብቻውን ካንሰሩ ፈልሷል ማለት አይደለም። ስለሆነም «የፍልሰት አመልካች» እና «የመድኃኒት ምላሽ አመልካች» በሁለት መግቢያ ቃላት ተለይተው እንዲመዘገቡ እናሳስባለን። ተርጓሚው ይህን ልዩነት ከዘለለው፣ መድኃኒት ለመምረጥ የተደረገ ምርመራ ውጤት እንደ መርዶ ሊነበብ ይችላል።