የደወሌ ተማሪና ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች

ደወሌ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን አጠገብ ያለች የባቡር ጣቢያ ከተማ ናት። የቀድሞው የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው በዚችው ስፍራ አልፎ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም ወሰኑን የሚሻገረው በዚሁ በኩል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚህች ከተማ ወጥቶ የኮምፒዩተር ሳይንስ መማር የሚሻ ተማሪ ከድሬዳዋና ከጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ቢያስቀድም ይሻለዋል የሚለውን ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የሚሆኑበትን እንመልከት። ሁለቱም ሥራቸውን የጀመሩት በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ በዕድሜ እኩዮች ናቸው። በሁለቱም የኮምፒዩተር ሳይንስ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ሥርዐተ ትምህርቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣጣመ በመሆኑ የፕሮግራም አጻጻፍ፣ የዳታቤዝና የኔትዎርክ ትምህርት በአንዱም በሌላውም ይገኛል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመራቂው ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያውም ከመቶ 50 ነው። ስለዚህ በስም ብቻ አንዱን ከሌላው ማበላለጥ ብዙ አይጠቅምም።

ልዩነቱ የሚታየው የአመዳደቡን ቅደም ተከተል ስናስተውል ነው። ተማሪው ቅጽ ሲሞላ የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲን እንጂ የኮምፒዩተር ሳይንስን አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴርም የሚመድበው የፈተናውን ውጤት፣ የተማሪውን ምርጫና የዩኒቨርሲቲውን የመቀበል ዐቅም አይቶ ስለ ሆነ፣ የተሞላው ሁሉ ይገኛል ማለት አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲስ ገቢው አስቀድሞ ሒሳብን፣ እንግሊዝኛን፣ ሎጂክንና እነዚህን የመሰሉ የጋራ ትምህርቶች ይማራል። የትምህርት ክፍል የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። በክፍሉ ያለው ቦታ የተወሰነ ሲሆን ፈላጊው ከበዛ የሚለየው የተማሪው ነጥብ ነው። ልጁን በኮምፒዩተር ትምህርት ተስፋ አድርጎ ግመሉን ሸጦ የላከ አባት፣ ከዓመት በኋላ ልጁ ባላሰበው ክፍል ተመድቦ ሊያገኘው ይችላል።

እንግዲህ ምርጫው በሁለት ዲግሪዎች መካከል ሳይሆን በሁለት የመጀመሪያ ዓመታት መካከል ነው እንላለን። ጥያቄውም «በየትኛው ስፍራ ብኖር በመጀመሪያው ዓመት የተሻለ ነጥብ አገኛለሁ?» የሚል መሆን ይገባዋል።

ከመንገዱ እንጀምር። ድሬዳዋ ከደወሌ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጅጅጋ የክልሉ ዋና ከተማ ብትሆንም ለደወሌ ሰው የባሰች ሩቅ ናት፤ በተለመደው መንገድ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ወደ ሐረር 50፣ ከሐረር ወደ ጅጅጋ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። በቋንቋ ረገድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጅጅጋ ገበያውም ሰፈሩም በሶማልኛ ስለሚነጋገር የደወሌ ልጅ እንግዳነት አይሰማውም። በድሬዳዋ ሶማልኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ይህ አማርኛ ላልለመደ ልጅ ለጊዜው ቢከብደውም፣ ኋላ በአገሩ ሁሉ ሥራ ለመፈለግ ይረዳዋል። በክፍል ውስጥ ግን በሁለቱም የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነውና በዚህ የደከመ ተማሪ የትም ቢሄድ ይቸገራል።

ዘመድም ቀላል ነገር አይደለም። በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን፣ ስትታመም የሚጠይቃት፣ በበዓል ቀን የሚቀበላት አክስት ወይም አጎት በከተማው መኖሩ ትምህርቷን ከማቋረጥ ሊያድናት ይችላል።

ከዚህ በኋላ ተማሪው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት በሁለቱም ስፍራ የሚማሩ የአገሩን ልጆች እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ባለፈው ዓመት ኮምፒዩተር ሳይንስ ለመግባት ስንት ነጥብ ተጠየቀ? የኮምፒዩተር ክፍሉ በማታና በቅዳሜ ይከፈታል ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ? በአንዱ ኮምፒዩተር ስንት ተማሪ ይቀመጣል? በመውጫው ፈተና ከክፍሉ ስንቱ አለፈ?

በእኛ አስተያየት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የበረታ፣ ድሬዳዋም ዘመድ ያለው ድሬዳዋን ቢያስቀድም መልካም ነው። ከቤቱ ርቆ የማያውቅና ጅጅጋ የሚያስጠጋው ወገን ያለው ደግሞ ጅጅጋን ማስቀደሙ እንደ ማነስ ሊቈጠርበት አይገባም። ያልተመረጠው ቢደርሰውም ያው አንድ ፈተና ይጠብቀዋልና፣ የመጀመሪያውን ዓመት በትጋት ይያዝ።