«የውስጥ ሥጋት»፦ ስለ ስያሜውና ስለ ምልክቶቹ

በመሥሪያ ቤቶች ጥበቃ ረገድ በእንግሊዝኛ የሚሠራበት አንድ ጽንሰ ሐሳብ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚዎችን ሲያስቸግር ይታያል። ይኸውም በተጣለበት እምነትና በሚያውቀው ምሥጢር፣ ሆን ብሎም ሆነ በቸልተኝነት፣ ድርጅቱን ሊጎዳ የሚችለውን የድርጅቱን የራሱን ሠራተኛ የሚመለከት ነው።

«ሰርጎ ገብ» ከውጭ የመጣን ሰው ስለሚያመለክት አይስማማም። «ባንዳ» እና «ከሃዲ» አስቀድመው ይፈርዳሉ። «የውስጥ አርበኛ» ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በጠላት አስተዳደር ውስጥ ሆኖ ለአርበኞች ምሥጢር ያቀብል የነበረውን ሰው ስለሚያስታውስ፣ አሠራሩ ቢመሳሰልም ቃሉ የክብር ነው። ስለዚህ ጥፋተኝነትን ሳይሆን ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ብቻ የሚገልጸውን «የውስጥ ሥጋት» እንመርጣለን።

ሥጋቱን ለማወቅ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ የሠራተኞችን የኤሌክትሮኒክ መልእክት መመርመር ነው። ኮምፒዩተሩ ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደ ጻፈ ይመዘግባል፤ የቁጣና የቅሬታ ቃላትን፣ የተውላጠ ስሞችንም ድግግሞሽ ይቆጥራል፤ ውጤቱንም ከጸሐፊው የቀድሞ ልማድ ጋር ያስተያያል። የአሜሪካ ፌዴራል የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ያደረገው፣ 150 ያህል የኤንሮን ኩባንያ ሠራተኞች የተጻጻፉት ግማሽ ሚሊዮን ያህል መልእክት ለዚህ ዓይነቱ ጥናት በሰፊው አገልግሏል።

ይሁን እንጂ ለእንግሊዝኛ የተሠራው ቆጠራ ለአማርኛ እንዳለ አይሆንም። «እኛ» ባይጻፍም «ተበድለናል» ውስጥ አለ። «ሰረቀ»፣ «ይሰርቃል»፣ «ስርቆት» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። «ሰረቀ»ን በንጉሡ «ሠ» የጻፈውንም ሰው መሣሪያው ሳያየው ያልፋል፤ ግእዝ አዋቂ ግን ስለ ፀሐይ መውጣት የተጻፈ ይመስለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው መሣሪያው ለሚያወጣው ውጤት የሚሰጠው ስም ነው። «ጠቋሚ» እንዳይባል ሰውን አሳልፎ የሚሰጥ ወሬ አቀባይ ማለትም ነው። «ማስረጃ» ማለትም ፈጽሞ አይገባም። ለምሳሌ ከ10,000 ሠራተኞች መካከል ጥፋተኞቹ 10 ናቸው እንበል። መሣሪያው ከእነዚህ 9ኙን ቢያገኝ፣ ከንጹሓኑም ከመቶ አንዱን ብቻ በስሕተት ቢለይ፣ ከሚያወጣቸው 109 ያህል ስሞች 100ው የንጹሓን ይሆናሉ። እንግዲህ ትክክለኛው ቃል «ምልክት» ነው፤ በስሕተት የተነሣውም «ሐሰተኛ ምልክት» ይባል። «ምልክት»ን «ማስረጃ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ መቶ ንጹሓንን በአንድ ቃል እንደሚወነጅል ልብ ሊል ይገባዋል እንላለን።