ጉዛራ፦ ለጀማሪ ተጓዥ የሚመች ታሪካዊ ኮረብታ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በእንፍራዝ ከተማ አቅራቢያ የጣናን ሐይቅ ቁልቁል በሚመለከት ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ፣ ለእግር ጉዞ አዲስ የሆነ ሰው ያለ ልዩ የመውጫ መሣሪያ በአንድ ቀን ደርሶ ሊመለስበት የሚችል ስፍራ ነው። ግንቡን እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገር ሲሆን፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የታነጸ በመሆኑ ለጎንደር አብያተ መንግሥት ቀዳሚ አርአያ ተደርጎ ይታያል።

ግድግዳው በድንጋይና በኖራ፣ ማለትም ልዩ ድንጋይ ተቃጥሎ በሚገኝ ማያያዣ ዱቄት የተገነባ ሲሆን፣ ከማዕዘኑ የሚነሣው ክብ ማማ የኋለኛውን የጎንደር ግንብ አሠራር ያስታውሳል። ከከፍታው ሜዳውም ሐይቁም በግልጽ ስለሚታዩ፣ መጪውን ከሩቅ ለመለየት ቦታው ምን ያህል እንደሚያመች ጎብኚው ራሱ ቆሞ ይረዳል።

ለጉዞው ክረምቱ አልፎ ጭቃው ከደረቀበት ከጥቅምት ወር ጀምሮ ያለው ጊዜ ተመራጭ ሲሆን፣ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ መነሣት፣ የማያንሸራትት ጫማ ማድረግ፣ በቂ ውኃ መያዝና መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢውን ሰው ማስከተል ይገባል። ዘመናትን የተሻገረው ይህ ግንብ ለመጪው ትውልድ እንዲቆይ፣ ጎብኚ ሁሉ ግድግዳው ላይ ከመውጣትና ድንጋዩን ከማንሣት መቆጠብ አለበት።