ማኮቪየትስ፦ ያልተዘመረለት የገና ጥቅል

ፖላንዶች ለየበዓሉ የየራሱ ጣፋጭ አላቸው። ለፋሲካ ማዙሬክና ባብካ፣ ለሠርግ ኮዋች ይጋገራል። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የመጨረሻ ሐሙስ፣ የእነሱ ቅበላ መሆኑ ነው፣ የጽጌረዳ ማርማላታ የተሞላ ፖንችኪ እስኪጠግቡ ይበላሉ። የአይብ ኬካቸውን ሴርኒክን ሁሉም ስለሚያወድሰው እኔ አልጨምርበትም። የገናው ማኮቪየትስ ግን መልኩ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ይናቃል።

ማኮቪየትስ በእርሾ በተነሣ ሊጥ ላይ የተፈጨ የፖፒ ዘር ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ የሚጋገር ነው። ዋና ቦታው ቪጊሊያ ነው፤ ዲሴምበር 24 ማታ፣ የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ የሚጀመረው የዋዜማ እራት። በልማድ 12 ዓይነት ምግብ ይቀርባል፤ ሥጋ የለበትም። ቅቤና እንቁላል ግን አይከለከልም፤ የእኛን ጾም ለለመደ ሰው ይህ ትንሽ ይገርማል። የፖፒ ዘር በአንድ ግራም ውስጥ 3,000 ገደማ ፍሬ ስለሚይዝ፣ ድሮ ለመጪው ዓመት የበረከት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። በምሥራቁ በኩል ከማር ጋር በተቀቀለ ስንዴ ላይ ያደርጉትና ኩቲያ ይሉታል፤ ጣፋጭ ንፍሮ በሉት።

የማኮቪየትስ ነገሩ ሁሉ ያለው ውስጡ ነው። ዘሩ የፈላ ውሃ ወይም ወተት ፈስሶበት ይዘፈዘፋል፣ በደንብ ይጠነፈፋል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ በሥጋ መፍጫ ይፈጫል። ድሮ ማኩትራ በሚባል፣ ውስጡ ሸካራ በሆነ የሸክላ ገበታ በእንጨት ዘነዘና ይታሽ ነበር። ያልተፈጨ ዘር ጥርስ ውስጥ ከመንኳኳት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ሲፈጭ ነው ዘይቱ ወጥቶ የሚሸተው። ማር፣ ዘቢብ፣ ለውዝና የብርቱካን ልጣጭ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ካፌ ውስጥ በሊጡ መካከል እንደ እርሳስ መስመር የቀጠነ ጥቁር ነገር አቅርበውልኝ ያውቃሉ። ያ ዳቦ ነው! ውስጡ ከሊጡ መብለጥ አለበት። ጥቅሉን በመጋገሪያ ወረቀት ስትሸፍኑም አታጥብቁት፤ ሊጡ መንፊያ ቦታ ካጣ ይሰነጠቃል።

ደግሞ ማኮቪየትስ በቀረበበት ማዕድ ሁሉ «ይኼ ኦፒየም አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ተክሉ አንድ ነው፤ እውነት ነው። ኦፒየም የሚገኘው ግን ገና ካልበሰለው ፍሬ ሽፋን ከሚወጣው ነጭ ወተት ነው። ለምግብ የሚሆነው ዘር የሚሰበሰበው ፍሬው በስሎ ከደረቀ በኋላ ነው። በዘሩ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነገርም በመዘፍዘፍና በመጋገር ይቀንሳል። ፖላንድ ራሷም ለምግብ የምትፈቅደው ሞርፊኑ አነስተኛ የሆነውን ዝርያ ነው፤ እሱም በፈቃድ ይዘራል። አያቶችና ሕፃናት ከአንድ ጥቅል ቆርሰው ይበላሉ፤ የሰከረ አላየሁም።

ይህን ስል ግን ቀልድ የሌለበት ጉዳይ አለ። ብዙ የፖፒ ዘር የበላ ሰው የሽንት ምርመራው ሞርፊን ሊያሳይ ይችላል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ዘሩ ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች፣ ዱባይ ላለች እኅታችሁ የገና ስጦታ ስትልኩ ማኮቪየትስ ከሻንጣው አውጡ፤ ሴርኒክም ቢሆን ይበቃታል።